የሚፋቅ ሎተሪና የጠፋው መጠበቅ፦ ከቁማር ሱስ በማገገም ላይ ላሉና ለቤተሰቦቻቸው



በማኅበረሰባችን ስለ ቁማር ሲወራ ወሬው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሐሜት ነው፤ «እገሌ እኮ ቤቱን በላው» ይባላል። ሁለተኛው ቀልድ ነው፤ «ሎተሪው ይውጣልኝ እንጂ ከነገ ጀምሮ ሥራ ላይ አታዩኝም» ይባላል። ቁማር ይብቃኝ ብሎ ቆርጦ የተነሳውና በየዕለቱ ከራሱ ጋር ግብ ግብ የገጠመው ሰው ግን በሐሜቱም በቀልዱም ውስጥ ቦታ የለውም። የዛሬው ንግግር ለእሱ፣ ለእሷም፣ አብረዋቸው ለሚኖሩም ነው።

ርዕሴ ጠበብ ያለ ነው። ስለ ካዚኖ አላወራም፤ ስለ ስፖርት ውርርድም አላወራም። የማወራው ካዚኖ መሄድ የተወ፣ የውርርድ አፑን ከስልኩ ያጠፋ ሰው ነዳጅ ሊቀዳ ሲገባ ባንኮኒው ላይ ስለሚጠብቀው የሚፋቅ ሎተሪ፣ በተለምዶ «ስክራች» ስለምንለው ነገር ነው። በዚህ በዋሺንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ እኛ ሐበሾች ከዚያ ባንኮኒ በሁለቱም ወገን አለን። ከፊቱ ቆመን እንገዛለን፤ ከኋላው ቆመን እንሸጣለን። ስለዚህ ነገሩ በሁለት በኩል ይመለከተናል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። የሚፋቅ ሎተሪ የተሠራው መጠበቅን ለማስቀረት ነው። ማገገም ደግሞ ያንን መጠበቅ መልሶ ማምጣት ነው። የቀረው ንግግሬ በሙሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

መጠበቁ እንዴት ጠፋ?

አገር ቤት የምናውቀውን የእንቁጣጣሽ ሎተሪ አስታውሱ። ሰው ትኬቱን ከአዟሪ ይገዛና ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ ሥራውን ይሠራል፣ ይረሳዋልም። ዘመን ሊለወጥ ሲል ዕጣው ይወጣል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ ነገሩ ያበቃል። ወጣለትም አልወጣለትም፣ ቀጣዩን ዕጣ እንደገና መጠበቅ አለበት።

አሜሪካም ስትጀምር እንዲሁ ነበረች። ኒው ሃምፕሻየር እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የክፍለ ግዛት ሎተሪ ስታቋቁም ዕጣው ከፈረስ ውድድር ጋር የተያያዘ ነበር፤ ተጫዋቹም ወራት ይጠብቅ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1974 ነው። ጆን ኮዛ የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁርና ዳንኤል ባወር የተባለ የንግድ ሰው ሳይንቲፊክ ጌምስ በተሰኘው ኩባንያቸው አማካይነት የመጀመሪያውን ፈጣን የሚፋቅ ትኬት በማሳቹሴትስ ለገበያ አቀረቡ። ዋናው ፈጠራቸው በመግዛትና ውጤቱን በማወቅ መካከል ያለውን ጊዜ ወደ ጥቂት ሰከንዶች ማውረዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሸነፈ ሰው የሚቀጥለውን ዕጣ መጠበቅ አላስፈለገውም። ሌላው ትኬት እዚያው፣ በእጁ ርቀት ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህ ለውጥ ለምን ያን ያህል ኃይል እንዳለው የሥነ ልቦና ሳይንስ ቀደም ብሎ አሳይቷል። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር አንድ ነገር አስተዋለ። እንስሳው አንድ ቁልፍ በነካ ቁጥር ምግብ የሚያገኝ ከሆነ፣ ምግቡ ሲቋረጥ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይተወዋል። ምግቡ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ እየቀረ፣ መቼ እንደሚመጣም የማይታወቅ ከሆነ ግን መንካቱን በቀላሉ አያቆምም። ስኪነር ራሱ ይህን ከቁማር ጋር አያይዞ አስረድቷል። መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፣ አንዳንዴ ጥቂት ይወጣል፣ ቀጣዩ ሙከራም አሁኑኑ ይቻላል። የሚፋቅ ሎተሪ እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ካርቶን ላይ አሟልቶ ይዟል።

በዚህ ምክንያት «ስክራች ምን አላት፣ ሁለት ዶላር ናት» የሚለው ማጽናኛ ላገገመ ሰው አይሠራም። ሁለት ዶላር መሆኗም እየቀረ ነው። በ2022 ቴክሳስ የመቶ ዶላር፣ በ2023 ማሳቹሴትስ የሃምሳ ዶላር የሚፋቅ ትኬት አውጥተዋል። ሆኖም ዋጋው ሁለትም ሆነ መቶ፣ የሱስ መንገዱ አንድ ነው።

ትኬቱን ቀረብ ብለን እንየው

አንድ የአምስት ዶላር ትኬት በሐሳባችሁ ያዙ። ከላይ «አሸናፊ ቁጥሮች» የሚል ረድፍ አለ፤ ከታች «የእርስዎ ቁጥሮች» የሚል ሰፋ ያለ ረድፍ አለ። ሰውየው በሳንቲም ብርማውን ቀለም ይፍቃል። ከላይ 17 ወጣ። ከታች 16 ወጣ፤ ከ16 ሥር 50,000 ዶላር ተጽፏል። ቀጥሎ 18 ወጣ። «አመለጠኝ!» ይላል፤ «በአንዲት ቁጥር!»

ምንም አላመለጠውም። ትኬቱ አሸናፊ መሆኑ ወይም አለመሆኑ የተወሰነው ማተሚያ ቤት ሳለ ነው። የፋቀበት ሳንቲም፣ ከቀኝ ይሁን ከግራ መጀመሩ፣ የጸለየው ጸሎት፣ የሻጩ እጅ «ገራም» መሆኑ፣ አንዱም ከታተመው ላይ አንዲት ነጥብ አይለውጥም። አሥራ ስድስትም ከአሥራ ሰባት «አጠገብ» አይደለችም፤ ከሌሎቹ የተሸነፉ ቁጥሮች የምትለይበት ነገር የለም። የሰው አንጎል ግን ይህን በቀላሉ አይቀበልም። ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የስሎት ማሽን ዓይነት ጨዋታ ሲጫወቱ አንጎላቸውን በምስል መሣሪያ ተከታትለው ነበር። ለጥቂት የመሳት ስሜት የሚሰጥ ሽንፈት፣ በማሸነፍ ጊዜ የሚነቃቁትን የአንጎል ክፍሎች ሲያነቃቃና የመጫወት ፍላጎትን ሲጨምር አይተዋል። ማለትም ሰውየው በኪሱ እየተሸነፈ በአንጎሉ ግን እየተሸለመ ነው።

ትኬቱን ገልብጡት። ከኋላው በደቃቅ ፊደል፣ ከአራት ትኬት አንዱ ያሸንፋል የሚል ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ግን «ማሸነፍ» የተባለው ምን እንደሆነ እንይ። በአምስት ዶላር ትኬት አምስት ዶላር ማግኘትም ማሸነፍ ተብሎ ይቆጠራል። አራት ትኬት በሃያ ዶላር የገዛ ሰው አንዷ አምስት ብታወጣለት «ወጣልኝ» ብሎ ይደሰታል፤ አሥራ አምስት ዶላሩ ግን ሄዷል። ደግሞም ያቺን አምስት ዶላር ኪሱ አይከታትም። «በሷው አንድ ስጪኝ» ይላል።

ሒሳቡን በምሳሌ ላሳያችሁ። ትኬቶቹ በአማካይ ከአንድ ዶላር ሰባ ሳንቲም ይመልሳሉ እንበል። ሰውየው በመቶ ዶላር ገዝቶ በአማካይ 70 ያገኛል። በ70ው መልሶ ቢገዛ 49 ይሆናል። በ49ኙ ሲደግም 34። በ34ቱ ሲሠልስ 24። ከኪሱ አዲስ ገንዘብ ሳያወጣ፣ «ያሸነፍኩትን ነው የምጫወተው» እያለ፣ ከመቶው ሰባ ስድስቱ በአራት ዙር ይተናል። ያ ሁሉ የሚሆነው አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቶ ለመጨረስ በሚፈጅ ጊዜ ነው።

ከዚህም የባሰ ደረጃ አለ። ነገሩ የጠናባቸው ሰዎች ቁጥሮቹን መፋቅ እንኳ ይተዋሉ። የባርኮዱን ቦታ ብቻ ጠረግ አድርገው ውጤቱን ለሚያነበው ማሽን ያሳዩታል። ጨዋታው ቀርቶ ድርጊቱ ብቻ ተረፈ ማለት ነው።

ይህ የባሕርይ ጉድለት ነውን?

አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከቁጥጥር የወጣ ቁማርን በ1980 በሕመሞች መዝገቡ ውስጥ አስገባ። በ2013 ደግሞ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱሶች ጋር በአንድ ምዕራፍ መደበው። ቁማርተኛው የሚውጠው ወይም የሚያጨሰው ነገር ባይኖርም ጉጉቱ፣ መጠኑን የመጨመር ግፊቱ፣ ሲያቆም የሚሰማው መቁነጥነጥ ከሌሎቹ ሱሶች ጋር ይመሳሰላልና ነው። ስለዚህ «ወንድ ከሆንክ ተወው» ማለት ሕክምና አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል ግን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ጉጉቱ ሲመጣ

አንድ ሰው እናስብ። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፤ ካዚኖ ከተወ ወራት አልፈውታል። ዓርብ ማታ፣ የክፍያ ቀን ነው፤ ኪሱ ውስጥ የቀኑ ቲፕ፣ የተጨማደዱ አንድና አምስት ዶላሮች አሉ። አለቃው ሲቆጣው ውሏል። ቤት ሲደርስ የሚጠብቀው የክሬዲት ካርድ ደብዳቤ ነው። ውኃ ሊገዛ ሱቅ ገባ። ከፊቱ የቆመው ሰው ፍቆ «አርባ ዶላር!» ብሎ ጮኸ። የእኛን ሰው እጁን በላው።

ይህን ጉጉት የፈጠረው ትኬቱ ብቻ አይደለም። የክፍያ ቀን መሆኑ፣ በኪስ ያለው ካሽ፣ ንዴቱ፣ ዕዳው፣ የሌላው ሰው ደስታ፣ አምስት ነገሮች አንድ ላይ ተገጣጥመዋል። እዚያ ነጥብ ላይ ደርሶ በፈቃድ ጉልበት ብቻ መመለስ ይቻላል፤ ግን በጣም ከባድ ነው። በየሳምንቱ እንዲሁ እየተፈተነ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሆኖም አንድ የምሥራች አለ። የሱስን መመለስ በመከላከል ምርምሩ የሚታወቀው፣ በሲያትል በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አለን ማርላት፣ ጉጉት ከፍ እያለ ሄዶ ጫፍ ደርሶ ተመልሶ የሚወርድ ነገር መሆኑን ያስተምር ነበር። እሱ በባሕር ማዕበል መሰለው። እኛ ደገኞች ባሕሩን ባናውቅ የክረምቱን ወንዝ እናውቃለን። ደጋ ላይ ሲዘንብ ቆላ ያለው ወንዝ ድንገት ይሞላል፤ ድንጋይ ያንከባልላል። አገሩን የሚያውቅ መንገደኛ ከደራሽ ውኃ ጋር አይታገልም፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ውኃው ይጎድላል፤ ይሻገራል። የሚወሰደው ቸኩሎ የገባው ነው።

ጉጉቱም እንዲሁ ነው። ካልመገቡት አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበርዳል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት «ዳግመኛ በሕይወቴ አልገዛም» ብሎ መማል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው «ለሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት አልገዛም» ማለት ነው። ከሱቁ ውጡ፤ ውኃውን ሌላ ቦታ ትገዙታላችሁ። በእግር ተንቀሳቀሱ። ለአንድ ሰው ደውሉና «አሁን ስክራች ልገዛ ነበር» በሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጉጉቱ በአፍ ሲነገር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በልብ ሲያብሰለስሉት ግን ይከብዳል።

ሥራው የሚሠራው ከባንኮኒው በፊት ነው

መጠበቅን መልሶ ማምጣት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ልናገር።

መጀመሪያ ካሹ ነው። በርካታ ሱቆች ሎተሪ የሚሸጡት በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ባንኮኒው ላይ ቢደርስም ቆም ብሎ የማሰብ ጊዜ ያገኛል። ቲፕ የምትቀበሉ፣ ታክሲ የምትነዱ፣ ምግብ ቤት የምታስተናግዱ ወገኖች፣ ገንዘቡን ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ባንክ አስገቡት፤ ወይም ቤት እንደገባችሁ ለባለቤታችሁ አስረክቡ። ነዳጅ ሲቀዳ በካርድ እዚያው ፓምፑ ላይ ክፈሉ፤ ውስጥ የሚያስገባችሁ ነገር አይኑር።

ቀጥሎ መንገዱ ነው። የለመዳችሁት ሱቅ ካለ፣ ሻጩ በስማችሁ የሚጠራችሁ፣ «የተለመደውን?» የሚላችሁ፣ ለጊዜው እዚያ አትሂዱ። ሱፐርማርኬት ውስጥ የሎተሪ መሸጫ ማሽኑ መውጫው አጠገብ ከሆነ በሌላው በር ውጡ። ይህ ፍርሃት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ጥንቃቄ ነው በሉት። ካዚኖ ላይ ራስን በፈቃድ የማስከልከል መዝገብ አለ፤ በሜሪላንድ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ካዚኖ እንዳይገባ ይታገዳል። የሠፈር ሱቅ ግን ከዕድሜ በቀር ማንነታችሁን አይጠይቅም። መዝገቡን ለራሳችሁ የምትሠሩት እናንተው ናችሁ።

ሦስተኛው ከባንኮኒው ኋላ ያለው ወገናችን ነው። በማገገም ላይ ያለ ሰው የሚሠራው ጋዝ ስቴሽን ከሆነ ፈተናው እጥፍ ነው፤ ትኬቱ ስምንት ሰዓት ሙሉ ከእጁ አይጠፋም። ደንበኛው አምስት ጊዜ ተሸንፎ ሲሄድ «አሁን ሊወጣ ነው፣ የትኬቱ ጥቅል ደርሷል» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። አንድ ይፍቃል፤ «ፈረቃዬ ሲያልቅ እከፍላለሁ» ይላል። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ አሥረኛ። እያንዳንዱ ትኬት ተራ ቁጥር አለው፤ ፈረቃው ሲያበቃ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ ሥራውን ያጣ፣ ስሙም በሌብነት የሚነሳ ሰው ይኖራል፤ ልቡ ግን ሌባ አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከቻለ ሥራውን ይቀይር። ካልቻለ ሎተሪ የማይነካበት ፈረቃ ወይም የሥራ ድርሻ ይጠይቅ፤ ምክንያቱን ሁሉ መዘርዘር የለበትም። ሳይከፍሉ መፋቅ ግን ለአንዲት ትኬትም ቢሆን አይፈቀድም።

አራተኛው ተስፋው ነው። ሰው ስክራች የሚገዛው ለመደሰት ብቻ አይደለም፤ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማግኘት ስለሚመኝ ነው። ዕዳ አለ፣ አገር ቤት የታመመች እናት አለች፣ የሚሠራ ቤት አለ። ይህን ምኞት ማፈን አይቻልም፤ ሌላ መንገድ ማስያዝ ግን ይቻላል። አባቶቻችን ዕቁብን ትተውልናል። ዕቁብም ዕጣ አለው፤ ዕጣው የሚወስነው ግን ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ነው እንጂ ማን እንደሚከስር አይደለም። ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ ያስገባውን ያህል ያገኛል። በየሳምንቱ መክፈሉ ግዴታ ነው፣ ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ይሉኝታ አለ። ለማገገሚያ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ላክል፦ ባንድ ጊዜ የሚመጣ ብዙ ገንዘብ ለቁማርተኛ አደገኛ ነው። ዕጣው ሲደርስ ገንዘቡ በቀጥታ ለማን እንደሚሰጥ ከዳኛው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ብትወድቁስ?

ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ተዘናግታችሁ አንዲት ትኬት ትፍቁ ይሆናል። ማርላት ያስተዋለው ሌላ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሰውን ወደ ሱሱ ጭልጥ አድርጎ የሚወስደው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስሕተት አይደለም፤ ከስሕተቱ በኋላ ለራሱ የሚናገረው ቃል ነው። «በቃ፣ ያው ቁማርተኛ ነኝ፤ ከነካሁት አይቀር» ካለ ያቺ አምስት ዶላር ወደ አምስት መቶ ታድጋለች። «ተሳሳትኩ፤ ምን ገፋፋኝ? ለማን ልደውል?» ካለ ግን አምስት ዶላር ሆና ትቀራለች። ያኔ መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ለሚያምኑት ሰው መንገር ነው፤ በዚያው ዕለት፣ ሳያሳድሩ። ትኬቷ ጥቂት አውጥታ ከሆነ ደግሞ አደጋው ከመሸነፍም ይበልጣል። ያንን ገንዘብ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ይሻላል፤ በሱ ሌላ መግዛት አይቻልም።

ብቻውን የሚድን ጥቂት ነው። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እንላለን፤ በ1957 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጀመረው ስም የማይጠራበት የቁማርተኞች መረዳጃ ማኅበር፣ ጋምብለርስ አኖኒመስ፣ የቆመው በዚሁ እውነት ላይ ነው። አንዱ ሌላውን ይሰማል፤ አባል ለመሆን ቁማር የማቆም ፍላጎት ይበቃል። ከማኅበሩ ጎን በቁማር ሱስ የሠለጠነ አማካሪ አለ። የንስሐ አባት፣ ኢማም፣ ፓስተር አለ። ጸሎቱን አትተዉ፤ ምክሩንም አትተዉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለቤተሰብና ለወዳጅ

ቤተሰቦች ሆይ፣ የሚያገግመውን ሰው ዕዳ በድብቅ እየከፈላችሁ በጥሬ ገንዘብ አታድኑት፤ ገንዘቡ ወደ ባንኮኒው የሚመለስበት መንገድ ብዙ ነው። ዕዳ የምትረዱ ከሆነ በቀጥታ ለአበዳሪው ክፈሉ። ኪሱን በሌሊት አትበርብሩ፤ ይልቅ በግልጽ ተስማሙ፤ ማን ባንኩን እንደሚይዝ፣ እሱ በሳምንት ስንት እንደሚይዝ፣ እስከ መቼ። ሲነግራችሁ አትጩኹበት። የተጮኸበት ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ለገናም ለልደትም በፖስታ ውስጥ ስክራች መክተት እዚህ አገር የተለመደ ስጦታ ሆኗል። እኛም ወርሰነዋል። ተዉት። በዚያ ግብዣ ላይ ማን እየታገለ እንዳለ አታውቁም፤ ለልጆች ደግሞ ፈጽሞ አትስጡ። ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ ዕለት ዕለት እየመጣ የደሞዙን እኩሌታ እናንተ ጋ የሚተወውን ደንበኛ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ዛሬስ ይብቃህ» ብትሉት ሱቃችሁ አይዘጋም።

በማገገም ላይ ላላችሁት የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው ጀግንነት አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችሁ በፊት ጉጉቱ ሲመጣ የምትደውሉለትን አንድ ሰው ምረጡ፤ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ቁጥሩንም ስልካችሁ ላይ ከሁሉ በላይ አስቀምጡት።